ፌሮ በቴሌቪዥን የሚተዋወቅበት አገር፦ የህንድ ትንንሽ ከተሞችና የቤት ግንባታ ገበያ

በኡታር ፕራዴሽ ወይም በቢሃር ገጠር በመኪና የተጓዘ ሰው መንገድ ዳር ያሉትን ግድግዳዎች ሳያይ አያልፍም። ብዙዎቹ ማስታወቂያ ተቀብቶባቸዋል። ሳሙናና ሞባይል ይኖራል፣ ግን ሲሚንቶና ፌሮም ከእነሱ እኩል ተሰልፏል። ቴሌቪዥኑም ያው ነው። የክሪኬት ጨዋታ ረገብ ሲል አንድ ዝነኛ ተዋናይ ብቅ ይልና ስለ ፌሮ ጥንካሬ ያወራል። ለእኛ ነገሩ ግር ይላል። ፌሮ በቴሌቪዥን የሚያስተዋውቅ ኩባንያ ማንን አስቦ ነው? ኮንትራክተር እንደሆነ ዋጋ አወዳድሮ ይገዛል እንጂ ተዋናይ አይቶ አይገዛም።

ገዢው ቤተሰብ ነው። ህንድ ውስጥ ከሚሸጠው ሲሚንቶ ከግማሽ በላይ የሚውለው ለመኖሪያ ቤት ነው። ከዚህም ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት የሙምባይና የዴልሂ አፓርታማዎች እንዳይመስላችሁ። በየገጠሩና በየትንሹ ከተማ፣ በራሳቸው ቦታ፣ በራሳቸው ገንዘብ፣ በሰፈር ግንበኛ ቤት የሚያቆሙ ሰዎች ናቸው። ሲሚንቶውን ከሱቅ በ50 ኪሎ ከረጢት ይገዛሉ። ዛሬ አሥር፣ በሚቀጥለው ወር ሃያ።

ስለዚህ ገበያ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የአክሲዮን ገዢ ቋንቋ ነው። የገበያ መጠን፣ የዕድገት መቶኛ፣ የሩብ ዓመት ትርፍ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ መያዝ ያለበት ሌላ ነገር ይመስለኛል። ይህ ገበያ የሚራመደው በቤተሰብ ኪስ ልክ ነው። ገንዘብ ሲመጣ ይገነባል፣ ሲጠፋ ይቆማል። ይህን ያልያዘ ሰው ቁጥሩ ከፍ ሲል ፈንጠዝያ፣ ዝቅ ሲል ውድቀት ይመስለዋል።

አሠራሩን ለማየት ወደ ጣሪያ ቀና ማለት ይበቃል። ከሶሌታው በላይ የዛገ ፌሮ ቆሞ ይታያል። ባለቤቱ ሁለተኛ ፎቅ አስቧል ማለት ነው፤ መቼ እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም። የምድር ቤቱ ግድግዳ ጡቡ ፊት ለፊት ይታያል፣ ልስን አልነካውም። ለመስኮት ቦታ ተትቷል፣ መስኮቱ ግን የለም። ቤተሰቡ ገብቶ ይኖርበታል። ልስኑ ለሚቀጥለው ዓመት፣ ታይሉ ልጅቷ ስትዳር፣ ቀለሙ ለዲዋሊ።

ዲዋሊ ያልኩት በምክንያት ነው። በጥቅምትና ኅዳር አካባቢ የሚውለው ይህ በዓል ሲቃረብ ቤት ይጸዳል፣ ግድግዳ ይታደሳል፣ የቀለም ሱቆች ይጨናነቃሉ። ከዚያ በፊት ያሉት የክረምት ወራት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ የገበያ ድርቅ ወራት ናቸው። ዝናቡ ሥራ ያስቆማል። የጡብ ምድጃዎች እሳታቸውን ያጠፋሉ፣ ከወንዝ አሸዋ ማውጣትም ይታገዳል። ከዚያ እህሉ ይሰበሰባል፣ እጅ ላይ ገንዘብ ይገባል፣ ግንበኛ ይጠራል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? አንዱ ምንጭ ልጅ ነው። የቢሃር ወጣት ሱራት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይገባል፣ ፑንጃብ እርሻ ላይ ይሠራል፣ ዴልሂ የሰው ፎቅ ላይ ሲሚንቶ ይሸከማል። ያጠራቀመውን አገር ቤት ልኮ የራሱን ክፍል ያስገነባል። በ2020 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ኮሮና ትልልቆቹን ከተሞች ቀጥ ሲያደርግ ቀድሞ ያንሰራራው የገጠሩና የትንንሽ ከተሞች የሲሚንቶ ሽያጭ ነበር።

በደቡብ፣ ኬረላ ውስጥ ደግሞ ገንዘቡ የዓረብ አገር ነው። በማላፑራም አካባቢ ከዱባይና ከሪያድ በተላከ ገንዘብ የቆሙ ባለ ሁለት ፎቅ ቤቶች መንደሩን ሞልተውታል። ከዓረብ አገር በተላከ ገንዘብ ወሎ ውስጥ ስንት ቤት ቆርቆሮ እንደለበሰ ያየ አንባቢ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፤ ሠራተኞቹም በእነዚያው ከተሞች ጎን ለጎን ነው የሚውሉት። ልዩነቱ መጠኑ ነው። በዓለም ባንክ ግምት በ2024 ወደ ህንድ ከውጭ የተላከው ገንዘብ 129 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ከዓለም አንደኛ። የኬረላ ቤቶች ግን ጉድ አላቸው። በ2011 ቆጠራ በግዛቲቱ ከአሥር ቤት አንዱ ያህሉ ሰው የማይኖርበት ሆኖ ተገኝቷል። ባለቤቱ ባሕር ማዶ ነው፣ ቤቱ ተቆልፏል። ለሲሚንቶ ሻጭ ግን የተቆለፈ ቤትም ሽያጭ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ መንግሥት ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። በ2016 ፕራድሀን ማንትሪ አዋስ ዮጃና የሚባለው ፕሮግራም በገጠር መልክ ተጀመረ። ዕቅዱ 29.5 ሚሊዮን ቤት ነበር። በ2024 ካቢኔው በአምስት ዓመት የሚሠሩ ሌላ 20 ሚሊዮን ጨመረበት። ቤቱን ግን መንግሥት አይሠራም። ለቤተሰቡ በሜዳማ አካባቢ 120 ሺህ፣ በተራራማ አካባቢ 130 ሺህ ሩፒ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወደ 1,400 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ገንዘቡ የሚገባው በቀጥታ ወደ ባንክ ደብተር፣ ያውም በዙር ነው። መሠረት ሲወጣ ቦታውን የሚያሳይ ፎቶ ይነሳል፣ ገንዘብ ይለቀቃል። ግድግዳው ሲደርስ እንደገና ፎቶ። ዝቅተኛው ስፋት 25 ካሬ ሜትር ነው፤ የማብሰያው ቦታም እዚያው ውስጥ ነው።

አሁን የሱቁን ሰው አስቡት። በአንድ ቀበሌ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ሰሞን ያንኑ ዙር ይቀበላል። ሁሉም ያን ሳምንት ሲሚንቶ ይፈልጋል። ባለሱቁ ስለ ገበያ ጥናት የሰማው ነገር ላይኖር ይችላል፣ ዙሩ መቼ እንደሚለቀቅ ግን ከማንም በላይ ያውቃል። የተሰጠው ገንዘብ ቤት አይጨርስም። 120 ሺህ ሩፒ በ2016 የተተመነ ነው፣ እስከ አሁንም አልተነካም። ሲሚንቶውም ፌሮውም ጡቡም የግንበኛው የቀን ሒሳብም ግን ባለበት አልቆመም። ስለዚህ ቤተሰቡ ከወርቁ፣ ከጥጃው፣ ከዘመድ ብድር ይጨምርበታል። ብዙ ጊዜም 25 ካሬ ላይ አይቆምም። እጅ ከገባ አይቀር አንድ ክፍል ይጨመር ይላል። መንግሥት የጣለው ገንዘብ የቤተሰቡን ቁጠባ ጎትቶ ያወጣዋል፤ የፍላጎቱ ማደግ አንዱ ምሥጢር ይህ ነው።

ሌሎች ፕሮግራሞችም ሳያስቡት ዕቃ ሻጭ ሆነዋል። ከ2014 እስከ 2019 በገጠር ከ100 ሚሊዮን በላይ ሽንት ቤት ተሠርቷል። ሁሉም ይሠራል ወይ፣ ሁሉም ሰው ይጠቀምበታል ወይ፣ ያ ሌላ ክርክር ነው። ግን እያንዳንዱ ጡብ በልቷል፣ ሲሚንቶ በልቷል፣ በር ፈልጓል። በ2019 ደግሞ ውሃ በየቤቱ የማስገባት ዘመቻ ተጀመረ። ያኔ ቤቱ ቧንቧ ያለው የገጠር አባወራ 17 በመቶ ያህል ነበር። በ2025 ወደ 80 በመቶ ደረሰ። ውሃ ቤት ሲገባ ወለሉ አብሮ ይቀየራል። እበት የተለቀለቀ ወለል ላይ ቧንቧ የሚከፍት የለም። መጀመሪያ ሊሾ ይፈስሳል፣ ከዚያ ሮቶ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ሲንክ፣ ከዚያ ግድግዳው እስከ ወገብ ታይል። የቧንቧና የሴራሚክ ኩባንያዎች ወደ ትንንሾቹ ከተሞች ሲሮጡ የሚከተሉት ይህንን ሰንሰለት ነው።

መንገዱም አለ። ከ2000 ጀምሮ የገጠር መንገድ ፕሮግራሙ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር መንገድ ሠርቷል። ሲሚንቶ ከባድ ዕቃ ነው፣ ርካሽም ነው፤ ብዙ ርቀት ከተጓዘ ትራንስፖርቱ ዋጋውን ይበላዋል። መኪና ያልገባበት መንደር ውስጥ ሶሌታ አይታሰብም።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ታሪክ ላንሳ። ህንድ ውስጥ ሲሚንቶ ለረጅም ጊዜ በመንግሥት ዋጋና በፈቃድ የሚሸጥ ዕቃ ነበር። ቤት የሚሠራ ሰው ማመልከቻ ይጽፋል፣ ኮታ ይጠብቃል፣ ካልሆነለት ጥቁር ገበያ ይሄዳል። ማሃራሽትራ ውስጥ ዋና ሚኒስትሩ አብዱል ራህማን አንቱላይ ያቋቋሟቸው ድርጅቶች ከግንበኞች መዋጮ ይቀበሉ ነበር። በ1982 መጀመሪያ የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መዋጮው ከሲሚንቶ ኮታው ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ወሰነ፣ ሰውየውም ሥልጣን ለቀቁ። በዚያው ዓመት ቁጥጥሩ በከፊል ላላ፣ በ1989 ሙሉ በሙሉ ተነሳ። ሲሚንቶ በደብዳቤና በወረፋ የፈለገ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ታሪክ ማብራሪያ ሳይጠይቅ ይረዳዋል። ዛሬ ህንድ ከቻይና ቀጥላ የዓለም ሁለተኛዋ ሲሚንቶ አምራች ናት። የአንድ ህንዳዊ የዓመት ድርሻ ግን አሁንም ከዓለም አማካይ በጣም ያንሳል። ኩባንያዎቹ ምራቃቸውን የሚውጡት ይህን ክፍተት እያዩ ነው።

እነሱም ቢሆኑ እየጠቀለሉ ነው። በ2022 አዳኒ ግሩፕ አምቡጃንና ኤሲሲን ከስዊዘርላንዱ ሆልሲም ገዛ። በገበያው አንደኛ የሆነው አልትራቴክ ደግሞ በ2024 መጨረሻ ኢንዲያ ሲመንትስን ጠቀለለ። ሁለቱ እየተሽቀዳደሙ ትንንሾቹን እየዋጡ ነው። ቤት ለሚሠራው ሰው ይህ ጥሩ ዜና መሆኑን እጠራጠራለሁ። ሻጭ ሲያንስ ዋጋ ለማስቀነስ የሚከራከሩት ሰውም ያንሳል።

ወደ ሱቁ እንመለስ፤ ጨዋታው ያለው እዚያ ነው። ቤት የሚሠራ ቤተሰብ በዕድሜው አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው የሚሠራው። ስለ ሲሚንቶ ዓይነት ብዙም አያውቅም። ታዲያ ማንን ይጠይቃል? ግንበኛውን። ግንበኛው «ይሄኛው ቶሎ ይይዛል፣ ያኛው ይሰነጠቃል» ካለ ነገሩ አለቀ። ማስታወቂያው ስሙን ያስተዋውቃል እንጂ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው አሸዋ የሚያቦካው ሰው ነው።

ኩባንያዎቹ ይህን ከጥንት ያውቃሉ። የቀለም ኩባንያዎች ለዓመታት በቆርቆሮው ውስጥ ለቀቢው የሚሆን ቶክን ሲከቱ ኖረዋል። ቀቢው ክዳኑን ይከፍታል፣ ቶክኗን አውጥቶ ያጥባል፣ ሱቅ ወስዶ በብር ይመነዝራል። ገንዘቡ ከባለቤቱ ኪስ የወጣ መሆኑን ብዙ ባለቤት አያውቅም። አሁን ቶክኑ በስልክ የሚነበብ ኮድ እየሆነ ነው። ግንበኞችም እንደዚያው የነጥብ ፕሮግራም አላቸው። ነጥብ ይጠራቀማል፣ ስጦታ ይመጣል። በዚያ ላይ ስልጠና፣ ምሳ፣ ስም የተጻፈበት ቲሸርት። ይህን ሁሉ ጉቦ ነው ለማለት አልደፍርም፣ ምክር ነው ለማለትም ይከብደኛል።

ከሁሉ ቀድሞ ትንሹን ከተማ የያዘው ኤሺያን ፔይንትስ ነው። በ1942 ቦምቤይ ውስጥ በአራት ጓደኛሞች ተመሠረተ። የትልልቅ ከተማ አከፋፋዮች በውጭ ኩባንያዎች ተይዘው ስለነበር ወደ ትንንሾቹ ከተሞች ወረደ፣ በትንንሽ ማሸጊያም ሸጠ። ዛሬ ከ160 ሺህ በላይ መሸጫ ቦታ አለው። በብዙዎቹ ሱቆች ቀለም መቀላቀያ ማሽን ቆሟል። ባለሱቁ መቶ ዓይነት ቀለም መደርደር የለበትም፤ ነጩን መነሻ ያስቀምጣል፣ ደንበኛው ከካታሎግ ይመርጣል፣ ማሽኑ ጠብ ጠብ አድርጎ ያቀላቅላል። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ሱቅ የዴልሂን ምርጫ ያቀርባል።

በ2024 ግራሲም የተባለው የቢርላ ግሩፕ ኩባንያ ኦፐስ በሚል ስም ገበያው ውስጥ ገባ። 100 ቢሊዮን ሩፒ መድቦ ስድስት ፋብሪካ ለመትከል ነበር የተነሳው። ሱቆችን ለመሳብ ማሽኑን በነጻ ሰጠ። ከዚያም ኤሺያን ፔይንትስ ሱቆቹን ከእኔ ጋር እንዳይሠሩ ያስፈራራል ብሎ ከሰሰ። የህንድ የውድድር ኮሚሽን በሐምሌ 2025 ጉዳዩ እንዲጣራ አዘዘ። ውሳኔው የትም ይሁን የት፣ ሁለት ግዙፍ ኩባንያዎች የሚጣሉት የአንዲት የገጠር ሱቅ መደርደሪያ ላይ መሆኑ ራሱ ብዙ ይናገራል።

የታይሉ መንገድ ሌላ ነው። ጉጃራት ውስጥ ሞርቢ የምትባል ከተማ አለች። በመቶዎች የሚቆጠሩ ፋብሪካዎች ተደርድረውባታል፤ ከህንድ የሴራሚክ ታይል ወደ 90 በመቶው የሚወጣው ከእሷ ነው። ብዙዎቹ የቤተሰብ ፋብሪካዎች ናቸው። እርስ በርስ ሲሻሙ ዋጋው ስለወረደ ነው ታይል ከሀብታም ሳሎን ወጥቶ የገጠር ማድ ቤት የገባው። ለዚህ ግን የተከፈለ አለ። በ2019 የአካባቢ ጉዳዮች ፍርድ ቤት ከድንጋይ ከሰል ጋዝ የሚያመርቱት ማሽኖች አየሩንና ውሃውን አበላሽተዋል ብሎ እንዲዘጉ አዘዘ። ፋብሪካዎቹ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞሩ። አሁን የጋዝ ዋጋ ሲያስነጥስ ሞርቢ ትታመማለች።

ብድርም ገብቷል። የደመወዝ ወረቀት ለሌለው ሰው ትልልቆቹ ባንኮች በራቸው ጠባብ ነው። እዚያ ክፍተት ውስጥ ጃይፑር እንደተወለደው አቫስ ያሉ አነስተኛ የቤት አበዳሪዎች ገቡ። የብድር ሠራተኛው ሻይ ቤቱ ድረስ ሄዶ ስንት ሊትር ወተት በቀን እንደሚገባ ይጠይቃል፣ ከዚያ ገቢውን ያሰላል። ብልሃት ነው። ወለዱ ግን ከባንኮቹ በብዙ ከፍ ይላል።

በመስከረም 2025 መንግሥት የሲሚንቶን የሽያጭ ግብር ከ28 ወደ 18 በመቶ አወረደ። እስከዚያ ሲሚንቶ ከቅንጦት መኪና ጋር በአንድ የግብር እርከን መቀመጡ የሚገርም ነበር። ከግብር በፊት 280 ሩፒ የሚያወጣ ከረጢት ላይ ልዩነቱ 28 ሩፒ ነው። ጥሩ ነው። ግን ሻጮቹ ጥቂት በሆኑበት ገበያ ቅናሹ ቀስ በቀስ ተመልሶ ወደ ዋጋው እንዳይገባ የሚከለክለው ምን እንደሆነ አልገባኝም።

የጡቡና የአሸዋው ነገር በማስታወቂያ አይመጣም። የጡብ ሠራተኛ ከኦዲሻ ወይም ከቢሃር ቀብድ ተቀብሎ ከነቤተሰቡ ምድጃው ዳር ይሰፍራል፣ ቀብዱ እስኪያልቅ ንቅንቅ አይልም። አሸዋው ከወንዝ በሌሊት ይዘረፋል፤ የቢሃሩ ሶን ወንዝ በዚህ የታወቀ ነው።

ቤቱ ራሱስ? የጭቃ ግድግዳና ሸክላ ክዳን የነበረው ቤት ሶሌታ ሲሆን ዝናብ አይገባውም፣ ምስጥ አይበላውም፣ ለሙሽራ ቤተሰብም ያሳያል። በግንቦት ግን ሶሌታው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይተፋዋል። ሰው ፍራሹን ይዞ ጣሪያ ላይ ይወጣል።

ከሙቀቱ በላይ የሚያሳስበኝ የስታፋው ነገር ነው። ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ውስጥ ቋሚ ፌሮዎቹን የሚያቅፈው ቀጭን ፌሮ ጫፉ እንዴት እንደሚታጠፍ ለመሬት መንቀጥቀጥ ወሳኝ ነው። የህንድ ደረጃ 135 ዲግሪ ወደ ውስጥ ይታጠፍ ይላል። ብዙ ግንበኛ 90 ላይ ያቆመዋል፤ ይቀላላ። ሲናወጥ ያ ስታፋ ይከፈታል፣ ቋሚዎቹ ይጎብጣሉ። ልስን ከተለሰነ በኋላ ደግሞ ማንም አያየውም። ሰሜን ቢሃር በ1934 ከባድ መንቀጥቀጥ የመታው ምድር ነው። ጉጃራት በ2001 ሃያ ሺህ ያህል ሰው አጥታለች።

ማን ይቆጣጠር? በ2001 እና በ2011 ቆጠራዎች መካከል በሕዝብ ብዛታቸውና በሥራቸው ከተማ የሆኑ፣ በአስተዳደር ግን መንደር የቀሩ ቦታዎች ከ1,360 ገደማ ወደ 3,900 ገደማ አድገዋል። ግንባታው ጦፎ የቀጠለው እንዲህ ያሉ ቦታዎች ላይ ነው። የመንደር ምክር ቤት መሐንዲስ የለውም፤ ፕላን የሚያይ፣ ፌሮ የሚቆጥር የለም።

የቀረው ግንበኛው ነው። በገጠር ቤቶች ፕሮግራሙ ሥር መንግሥት 45 ቀን የሚፈጅ የግንበኞች ስልጠና ይሰጣል። ሰልጣኙ የሚማረው የአንድ ተረጂ ቤተሰብን እውነተኛ ቤት እየሠራ ነው። የሰለጠኑት በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። በ2024 የጸደቁት ቤቶች ብቻ 20 ሚሊዮን ናቸው፣ ሰው በራሱ የሚሠራው ከዚህ ውጪ ነው። በቀሩት ግንባታዎች ላይ ግንበኛውን ቁጭ አድርጎ የሚያስተምር ካለ የሲሚንቶ ኩባንያው ነው። እሱም የግማሽ ቀን ስልጠና ሰጥቶ፣ ምሳ አብልቶ፣ የነጥብ ማጠራቀሚያውን ስልኩ ላይ ጭኖለት ይሄዳል።